ስለ ቦርጭና ስለ ማዕዳችን

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የምንናገርለት ነገር፥ ሰው በአደባባይ ሲያነሡበት የሚቀየምበት፥ ብቻውን ሆኖ ቀበቶውን በሚያስርበት ጊዜ ግን ሳያስበው የማይቀር ነገር ነው፤ ይኸውም ቦርጭ ነው። በአገራችን ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ሹመቱ የጸና፥ ጎተራው የሞላ፥ ማዕዱ የሰፋ ነው ተብሎ ሲከበር ኖሯል። ወፈር ብሎ የመጣውን ሰው «ተመችቶሃል፥ አምሮብሃል» እንለዋለን፤ ከስቶ የመጣውን ግን «ምነው፥ ታመሃልን?» ብለን እንጠይቀዋለን። ረኃብን ደጋግመው ባዩ አባቶች ዘንድ ይህ አነጋገር ምክንያት ነበረው፤ በሰውነት ላይ የተከማቸ ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነበርና። ዛሬ ግን ከወንበር ወደ መኪና፥ ከመኪና ወደ ማዕድ፥ ከማዕድ ወደ አልጋ የሚመላለስ የቢሮ ሰው፥ ክፉው ቀን ሳይመጣ ስንቁ ብቻ እየተከማቸበት ይሄዳል፤ በመጨረሻም ክፉውን ቀን የሚያመጣበት ያው ስንቁ ይሆናል።

ነገሩን ለመረዳት በበዓል ቀን በግ ሲታረድ የሚታየውን ማስታወስ ይበቃል። ቆዳው ሲገፈፍ ከቆዳው ሥር ተጣብቆ የሚገኝ ስብ አለ፤ ሆዱ ሲከፈት ደግሞ ጨጓራውንና አንጀቱን እንደ ነጠላ ሸፍኖ የሚገኝ ሞራ አለ። የሰውም ሰውነት እንዲሁ ነው። ከቆዳ በታች ያለውና በጣት ቆንጥረው የሚይዙት ስብ ጉዳቱ የቀለለ ነው። ሆድን ከውስጥ ገፍቶ እንደ ከበሮ የሚወጥረው ሞራ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፤ ቅባት ወደ ደም ይለቃል፤ ከእርሱ የሚወጣውም ደም በአብዛኛው በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚገባ፥ ጉበቱ ራሱ በስብ ይሞላል፤ ከዚያም አልፎ ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን የሚያመነጨው ቆሽት በስብ ይጠቃል። ኢንሱሊን ሥራውን መሥራት ሲሳነው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል፤ የስኳር በሽታ፥ የደም ብዛትና የልብ ሕመም ተከታትለው የሚመጡበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ቀድሞ ሞራ ገላጮች የታረደውን ከብት ሞራ ዘርግተው የሚመጣውን ዘመን እናነባለን ይሉ ነበር። የከብቱን ሞራ ለእነርሱ እንተውላቸውና፥ የሰው ሞራ ስለ ባለቤቱ መጪ ጤና ብዙ እንደሚናገር ግን በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ሆኗል። ይህን ልዩነት አስቀድመው ካስተዋሉት አንዱ በማርሴይ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ፈረንሳዊ ሐኪም ዣን ቫግ ናቸው። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በጻፏቸው ጽሑፎች (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ስቡ በሆዱና በላይኛው አካሉ የሚከማችበት ሰው፥ በዳሌውና በጭኑ ከሚከማችበት ይልቅ ለስኳር በሽታና ለደም ሥር ሕመም የቀረበ መሆኑን ገለጹ። ወንዶች ከጉልምስና ጀምሮ፥ ሴቶች ደግሞ ይልቁንም የወር አበባ ከቀረ በኋላ፥ ስባቸው ወደ ሆድ ያዘነብላል።

ታዲያ ሰው ቦርጩን ለማጥፋት የማያደርገው የለም። አንዱ ሆዱን በሰፊ ቀበቶ ያስራል፤ አንዱ ማለዳ ሎሚ በሙቅ ውሃ ይጠጣል፤ አንዱ በእንፋሎት ቤት ተቀምጦ ያልበዋል፤ ሌላውም በጀርባው ተኝቶ ወገቡን መቶ ጊዜ ያነሣል ይጥላል። ቀበቶ ሞራውን ይገፋዋል እንጂ አያቀልጠውም። በላብ የወጣው ውሃ ሰውዬው ጠጥቶ ሲረካ ይመለሳል። ወገብን ማንሣትና መጣል የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ሰውነት ግን ስቡን ሲያወጣ ከመላው አካል ያወጣል እንጂ እንቅስቃሴው ከተደረገበት ቦታ ለይቶ አያወጣም። በቀዶ ጥገና ስብ ማስመጠጥ እንኳ ለጤና የታሰበውን ያህል አልረዳም፤ በ2004 ዓ.ም. በታተመ አንድ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት ከ15 ወፋፍራም ሴቶች ሆድ ብዙ ኪሎ ስብ ተመጥጦ ከወጣ በኋላ፥ ከሳምንታት ቆይታ በኋላ ሲመረመሩ የኢንሱሊናቸው አሠራርና የደማቸው ግፊት አልተሻሻለም። የተመጠጠው ከቆዳ በታች ያለው ነበርና፥ የውስጡ ሞራ በቦታው ቀርቷል።

በዚህ ነገር ስማቸው ከተጠራ ሰዎች መካከል ለቤተ ሰብ ገጽ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው የአንድ የሎንዶን ነጋዴ ታሪክ ነው። ስማቸው ዊልያም ባንቲንግ ይባላል። የቤተ ሰባቸው ሥራ ቀብር ማሰናዳት ነበር፤ ይኸውም ተራ ቀብር ብቻ ሳይሆን የንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛን በ1820 ዓ.ም.፥ የንግሥት ቪክቶሪያን ባል የልዑል አልበርትን በ1861 ዓ.ም. ያሰናዳ ቤት ነበር። ሚስተር ባንቲንግ ቁመታቸው 165 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በነሐሴ ወር 1862 ዓ.ም. ክብደታቸው ወደ 92 ኪሎ ግራም ደርሶ ነበር፤ ይህም በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው በነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከ65 ዓመት አልፏል። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሠሪያ ማሰር ተሳናቸው፤ ከደረጃ ሲወርዱም ጉልበታቸው እንዳይከዳቸው ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው ወደ ኋላ እየተራመዱ ይወርዱ ነበር። እምብርታቸው ተቀዶ ነበር፤ ጆሯቸውም እየደነቆረ ሄደ። በመንገድና በሠረገላ ውስጥ መንገደኞች ይሳለቁባቸው ስለ ነበር ሰው ወደ ተሰበሰበበት መሄድ እንኳ ያስከፋቸው እንደ ነበረ ራሳቸው ጽፈዋል።

እኒህ ሰው ሰነፍ አልነበሩም፤ አንባቢያችን ይህን እንዲያስተውልልን እንለምናለን። ሐኪም ስፖርት ሥራ ቢላቸው ማለዳ እየተነሡ ለሁለት ሰዓት ያህል ከባድ ጀልባ ይቀዝፉ ነበር። ክንዳቸው ጠነከረ፤ ነገር ግን ከቀዘፋው ሲመለሱ ረኃቡ ስለሚበረታባቸው በቀዘፋ ያጠፉትን በማዕድ መልሰው ሞሉት። በቱርክ መታጠቢያ ቤት ደጋግመው ላባቸውን አፈሰሱ፤ ጠበል መሰል የማዕድን ውሃ ወደሚጠጣባቸው ከተሞችም ሄዱ። በየጊዜው ሐኪም ቢለዋውጡም የሆዳቸው መጠን አልቀነሰም። በመጨረሻ የረዷቸው ስለ ሆዳቸው ሳይሆን ስለ ጆሯቸው ሊያማክሯቸው የሄዱት ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ናቸው። ሐኪሙ አስቀድሞ በፓሪስ ከታላቁ ሊቅ ከክሎድ ቤርናር ስለ ጉበትና ስለ ስኳር ትምህርት ሰምተው ነበርና፥ የበሽተኛቸው ጆሮ የደነቆረው ከውፍረቱ የተነሣ ነው ብለው ስላሰቡ ከማዕዳቸው ስድስት ነገር ከለከሏቸው፤ ዳቦ፥ ቅቤ፥ ወተት፥ ስኳር፥ ቢራና ድንች።

ሚስተር ባንቲንግ በዚህ ተገረሙ። ዕለት ዕለት የሚበሉት ይህንኑ ነበርና፤ ቁርሳቸው ቅቤ የተቀባ ዳቦና ወተትና ስኳር የበዛበት ሻይ፥ ምሳቸው ሥጋ ከብዙ ዳቦና ከቢራ ጋር፥ ማታም እንደዚሁ ዳቦ ያልተለየው ነበር። አሁን ግን በየማዕዱ በሚዛን የተለካ ሥጋ ወይም ዓሣ፥ ከድንች በቀር ያለ ማንኛውም አትክልት፥ ጥቂት ፍሬ፥ አንዲት ቁራሽ ደረቅ ዳቦ፥ ያለ ወተትና ያለ ስኳር ሻይ ታዘዘላቸው። ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ 21 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሱ፤ የወገባቸው ዙሪያም በ31 ሴንቲ ሜትር ጠበበ። ደረጃውን እንደ ማንኛውም ሰው ፊት ለፊት ይወርዱ ጀመር፤ ጆሯቸውም መስማት ጀመረ። በ1863 ዓ.ም. ታሪካቸውን በአነስተኛ መጽሐፍ ጽፈው በራሳቸው ገንዘብ አሳተሙና ያለ ዋጋ አደሉት። መጽሐፉ እጅግ ስለ ተሰራጨ በስዊድን ቋንቋ እስከ ዛሬ ድረስ ከውፍረት ለመቀነስ ምግብን መቆጠብ የሚባለው ግሥ «ባንታ» ነው፤ ከእርሳቸው ስም የወጣ ነው። ሚስተር ባንቲንግ በ1878 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ሁሉን እንዳለ መውሰድ አይገባም። ሐኪማቸው በቀን ብዙ ብርጭቆ ወይን ፈቅደውላቸው ነበር፤ ይህን ዛሬ የሚያዝ ሐኪም አይገኝም። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ሲሰጥ አልኮል 7፥ ስብ 9 ይሰጣል፤ ስለዚህ ጠጅ ከማሩም ከአልኮሉም በሁለት በኩል ያወፍራል። በየማዕዱ ሥጋ መብላትም ግዴታ አይደለም። በ2018 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች 609 ሰዎችን በሁለት ከፍለው ግማሹ ስብ እንዲቀንስ፥ ግማሹ እህልና ጣፋጭ እንዲቀንስ አድርገው አንድ ዓመት ቢከታተሏቸው፥ ሁለቱም ወገኖች በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም ቀነሱ እንጂ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱም ወገኖች የታዘዙት አንድ ነገር ግን ነበር፤ ስኳርንና የተፈተገ ዱቄትን እንዲተዉ፥ አትክልትንም እንዲያበዙ ነው። በእኛ አስተያየት የባንቲንግም ምሥጢር ከሥጋው ይልቅ ሳያስቡት ዕለት ዕለት የሚጎርሱትን ነገር ለይተው ማወቃቸው ነው።

ስለ መቀመጥም አንድ ነገር እናንሣ። በሎንዶን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ አንዱ ሹፌር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲነዳ፥ ሌላው ቲኬት ቆራጭ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር። ጄሪ ሞሪስ የተባሉት የብሪታንያ ሐኪም በ1953 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በልብ ሕመም የሚጠቁት ሹፌሮች ከቲኬት ቆራጮች ይልቅ የበዙ መሆናቸውን አሳዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን የደንብ ልብስ መዝገብ ቢመረምሩ የሹፌሮቹ ሱሪ ወገብ ከቆራጮቹ ሰፍቶ ተገኘ። የልብስ ሰፊ መዝገብ ለሕክምና ምስክር ሲሆን ይህ እንግዳ ነገር ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት በፈጣን እርምጃ መሄድ፥ በሊፍት ፈንታ በደረጃ መውጣት፥ መኪናውን ከመሥሪያ ቤቱ ራቅ አድርጎ ማቆም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ዳሩ ግን የባንቲንግን ጀልባ አንርሳ፤ የማዕዱ ነገር ሳይስተካከል በእግር መሄድ ብቻውን ቦርጭን እምብዛም አያጠፋም። እንቅልፍም ቢሆን ከዚሁ ይቆጠራል፤ ሌሊቱን በወሬና በሥራ የሚያሳልፍ ሰው በማግሥቱ ምግብ፥ ይልቁንም ጣፋጭ፥ ያምረዋል።

አሁን ወደ ገዛ ማዕዳችን እንመለስ። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥያቄ «በዓመት ይህን ያህል ቀን እየጾምሁ ቦርጩ ስለ ምን አይለቀኝም?» የሚል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ጾም ግን የተሰጠው ለነፍስ ነውና በቦርጭ ልክ ሊመዘን አይገባውም። ስለ ምግቡ ብቻ ከተናገርን፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ሲቀመጥ የሚቀርብለት ብዙ ጊዜ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፥ የተጠበሰ ድንች፥ ፓስታና ዳቦ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ በድስት ላይ ከጠርሙስ የሚንቆረቆረውን ግን የሚቈጥረው የለም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የፋሲካ ሳምንት ዶሮ፥ ክትፎና ጠጅ የቀነሰውን ሁሉ ይመልሳል። ይህ ሲባል ግን የጾም ማዕድ ራሱ ጥፋት አለበት ማለታችን አይደለም። ምስሩ፥ ክኩ፥ ሽምብራው፥ ጎመኑ፥ ቀይ ሥሩ ሰውን የሚያጠግቡና ሳይቸኩሉ የሚፈጩ ምግቦች ናቸው፤ ዘይቱ በማንኪያ ተለክቶ፥ ጎመኑ በዝቶ፥ እንጀራው ቀንሶ ቢቀርብ የውጭ አገር ሰዎች በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉት ማዕድ በቤታችን አለ።

ከምግቡ ይልቅ የሚሰወርብን የምንጠጣው ነው። በቀን አምስት ስኒ ቡናና ሻይ የሚጠጣ፥ በየስኒውም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው 60 ግራም ያህል ስኳር ጠጥቶ ይውላል። የለስላሳ ጠርሙስና የስብሰባ ብስኩት ከዚህ በላይ ነው።

የቤት እመቤቶቻችን ደግሞ በፍቅር የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «በሞቴ» ማለት ነው። እንግዳም ሆነ ባል በቃኝ ካለ በኋላ «በሞቴ፥ አንዲት ብቻ» ይባላል፤ እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ልማዱን የሚጠላ ሰው የለም፤ እኛም አንጠላውም። ነገር ግን በቃኝ የሚለውን ቃል ማክበር ደግሞ የፍቅር ሥራ መሆኑን ባልና ሚስት አስቀድመው ቢስማሙበት መልካም ነው።

ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው መሣሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው። ቆመው፥ ትንፋሽን በቀስታ አውጥተው፥ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ባለው ቦታ ሜትሩን ሳያጠብቁ ማዞር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መጠን ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፥ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፉ ሥጋት ይጀምራል፤ ወንድ ከ102፥ ሴት ከ88 ካለፉ ሥጋቱ እጅግ ይጨምራል። ቁጥር ማስታወስ የሚያስቸግረው ሰው የወገቡ ዙሪያ ከቁመቱ እኩሌታ እንዳይበልጥ ቢጠብቅ ይበቃዋል። መለካቱም በወር አንድ ጊዜ ይሁን፤ በየቀኑ የሚለካ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ጥቂት መቀነስ እንኳ ከንቱ አለመሆኑን ሁለት ጥናቶች ያስረዳሉ። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመው ጥናት ወደ ስኳር በሽታ የተቃረቡ 3234 ሰዎችን የተከታተለ ነበር፤ ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩት ወገኖች በሽታው የያዛቸው ካልተመከሩት 58 ከመቶ ባነሰ መጠን ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ በተደረገው ጥናት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከያዛቸው ብዙ ዓመት ካልሆናቸው ሰዎች፥ በጥብቅ ምግብ ክብደት እንዲቀንሱ ከተደረጉት ወደ እኩሌታ የሚጠጉት በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ወደ ደኅናው መጠን ተመልሷል።

ለሁሉም ግን ጥንቃቄ ያሻል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምግቡን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ እጅግ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለቦርጭ ብላ ምግብ አትቀንስ። ሆዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተነፋ፥ እግሩ ያበጠ ወይም ክንዱ እየሟሸሸ የሚሄድ ሰው ደግሞ ያ ቦርጭ ላይሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ከምናውቃቸው ሰዎች አንድ የመሥሪያ ቤት አለቃ አሉ። አባታቸው በስኳር በሽታ አንድ እግራቸው ተቆርጦ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያረፉ ናቸው፤ እርሳቸው ግን ይህን እያወቁ ሆዳቸው ሲገፋ ዝም ብለው ነበር። አንድ ቀን ባለቤታቸው ሜትር ይዘው ለኳቸው፤ 112 ሴንቲ ሜትር ሆነ። እመቤቲቱ ቁጥሩን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ጻፉት፤ ምንም ምክር አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስኳሩ ዕቃ ከቡናው ረከቦት ላይ ተነሣ፤ ዘይቱ በማንኪያ መለካት ጀመረ፤ በትሪው ላይ ጎመኑ ወደ ፊት፥ እንጀራው ወደ ኋላ ሆነ፤ ለልጆቹም ለአባትየውም የተለየ ድስት አልተጣደም። አለቃውም ጠጁን ለበዓል ብቻ ተዉት፤ ማታ ማታ ከመኪናው ቀድመው እየወረዱ የቀረውን መንገድ በእግር ይገቡ ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የፈተና ወራት ነበሩ። ፊታቸውና አንገታቸው ከሳ፥ ሆዳቸው ግን ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር የቀነሰው። በመሥሪያ ቤት «ታመዋል» የሚል ወሬ ተነሣ፤ እርሳቸውም ሊተዉት አስበው ነበር። እመቤቲቱ ግን ሦስቱን ሴንቲ ሜትር ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ ጻፉና መንገዱን ቀጠሉ። በአሥራ አራተኛው ወር 97 ሆነ።

በዚያው ዓመት በፋሲካ ማግሥት ወደ አክስታቸው ቤት ተጋብዘው ሄዱ። አሮጊቷ ገና ከበር ሲያዩአቸው ደረታቸውን መቱ፤ «ምነው ልጄ፥ ምን አገኘህ? ታመሃልን?» አሏቸው። «የለም እትዬ፥ ደኅና ነኝ» ቢሏቸው አላመኑም፤ ከዶሮው ወጥ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ» አሏቸው። አለቃው ጎረሱ። አሮጊቷ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን ሲያነሡ እመቤቲቱ ከጎን ጠጋ አሉና «ይህን እንኳ ለእኔ ያድርጉልኝ፥ እትዬ» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።